የማክሰኞው ቼክ

ኡላሊ ከንግግሩ ይልቅ የተናደደችው ጃርቪስ «ማክሰኞ» ባላት ጊዜ ነው። ንግግሩንስ ለምዳዋለች። «ማክሰኞ» ሲላት ግን ቆሽቷ አረረ፤ ለምን እንደሆነ ለራሷም ገና አልገባትም።

ዕለቱ ቅዳሜ ነበር፤ የቤል ሪቭ ትምህርት ቤት አሮጌ አዳራሽ ታድሶ የሚመረቅበት ቀን። ቄሱ ግድግዳውን ባርከው ጨርሰዋል። የተማሪዎቹ ባንድ መለከቱን ያንባርቃል። ሰዉ ጋምቦ የሚባለውን ወፍራም ሾርባ በሳህን እንደያዘ አንገቱን ወደ ላይ አቅንቶ ኮርኒሱን ያያል። ቢያይም አይፈረድበትም። በዙሪያው የወይን ዘለላ የተጎነጎነበት፣ መሃሉ ላይ እንደ ትልቅ አበባ የፈካ የጀሶ ኮርኒስ ነው። የኡላሊ ባል ኦኔዚምና አምስት ሠራተኞቹ አስራ አምስት ሳምንት አንገታቸውን ወደ ኋላ ሰብረው፣ ጀሶው ዓይናቸው ውስጥ እየተንጠባጠበ የሠሩት።

ተቋራጩ ጃርቪስ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ መድረክ ላይ ወጣ። «ይህን ኮርኒስ የሠሩት እጆች» አለ፣ «እኔንም ክርስትና ያነሱኝ እጆች ናቸው!» ወርዶም ኦኔዚምን አቅፎ ሁለት ጉንጩን ሳመው። ሰዉ አጨበጨበ። ኦኔዚም፣ ያ ስልሳ ስምንት ዓመቱ የሆነ፣ እጁ እንደ ኖራ የነጣ ሰውዬ፣ እንባውን በመሐረብ ጠረገ።

ኡላሊ አላለቀሰችም፤ አላጨበጨበችምም። እሷ የምታስበው አርባ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ዶላር ነው። የመጨረሻው ልስን የተለሰነው በኦገስት ማብቂያ ነው፤ ከሜይ ወዲህ ግን ጃርቪስ ሰባራ ሳንቲም አልከፈለም። ከሠራተኞቹ ደመወዝ ግማሹን ባልና ሚስቱ ለእርጅናቸው ካስቀመጡት አውጥተው ሰጥተዋል። ሌላው ግማሽ እስካሁን አልተከፈለም፤ አምስቱም ሰዎች ኡላሊን ቤተ ክርስቲያን ሲያገኟት ዓይኗን አያዩም፤ እሷም የእነሱን አታይም። ያ ገንዘብ ካልመጣ የገና በዓል ሳይደርስ ቤታቸው ለሽያጭ ይቀርባል። ይህን ኦኔዚምም ያውቃል።

ሰዉ ሲበተን ጃርቪስን መኪናው በር ላይ ያዘችው።

«ጃርቪስ፣ ዛሬስ?»

«ሚስ ኡላሊ! በዚህ በበዓል ቀን?» ብሎ ሳቀ። «ማክሰኞ። ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቼኩን ይዤ እቤትዎ ድረስ እመጣለሁ። በእግዚአብሔር።»

ማክሰኞ። ይህ ሰው አምስት ወር ሙሉ አንድ ቀን ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ ዓርብ። «ዓርብ እከፍላለሁ»፣ «የሚመጣው ዓርብ»፣ «የወሩ መጨረሻ ዓርብ»። ሠራተኞቹ ራሳቸው ስሙን ትተው «አቶ ዓርብ» ነው የሚሉት። ታዲያ ዛሬ ማክሰኞ ከየት መጣ?

ሰኞ ጠዋት ኡላሊ እንደ ሌላው ሰኞ ሁሉ ቀይ ባቄላዋን ጥዳ፣ በጢስ የደረቀውን የአሳማ ሥጋ ጨምራ በማንኪያ ስታማስል፣ ማማሰሉ ከጠብ አልተናነሰም። ኦኔዚም ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። አጠገቡ ፕላሲድ አለ፤ ልስኑ የሚይዝበትን የእንጨት ርብራብ የሚመታው እሱ ነው። ሰባ ዓመቱ ነው፤ ቁርሱን እዚህ መብላት ከጀመረ ዘመን ሆኖታል።

«ማክሰኞ ለምን አለ?» አለች ኡላሊ፣ ፊቷን ከምድጃው ሳትመልስ።

«ማክሰኞ ስለሆነ ነዋ!» አለ ኦኔዚም። «አንቺ ሴት፣ ሰውየው ዓርብ ሲል ትቆጪያለሽ፤ ማክሰኞ ሲልም ትቆጪያለሽ። በየትኛው ቀን ነው የምትደሰቺው?»

«በሚከፍልበት ቀን።»

«ሚስ ላሊ» አለ ፕላሲድ፣ «ዓርብማ ጌታም የተሰቀለበት ቀን ነው። ማክሰኞ ይሻላል። ማክሰኞ ቢያንስ የተሰቀለ ሰው የለም።»

«ነገ ይሰቀላል» አለች።

ኦኔዚም ስኒውን አስቀመጠ። «ላሊ። እኔ ያንን ልጅ ከመጠመቂያው ላይ በእጄ ተቀብዬዋለሁ። አባቱ ሲሞት ልስን መለሰን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እኔን አይከዳም።»

«ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ።»

«ደግሞ ፍርድ ቤት ወረቀት የሚያስገባ ለሳኝ በዚህ ወንዝ ዳር ዳግመኛ ሥራ አያገኝም። አባቴ አላስገባም። አያቴም አላስገባም።»

«አባትህም አያትህም ድሃ ሆነው ሞቱ!»

ባቄላው ፈላ። ፕላሲድ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አየና ቁርሱን ቶሎ ቶሎ ይጎርስ ጀመር፤ ጠቡ ሳህኑ ላይ ሳይደርስ ሊጨርስ።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ የምረቃው ቅዳሜ ላይ በቀይ እርሳስ የተሠራ ክብ አለው፤ የኡላሊ ነው። ያልተከፈለው ሰው ሥራው ካለቀ በአርባ አምስት ቀን ውስጥ ዕዳውን ፍርድ ቤት ማስመዝገብ እንደሚችል ሰምታለች። ክቡ ያለበት ቅዳሜ የቆጠራዋ መነሻ ነው። ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ ነው የተሳሳተችው። የተሳሳተችውም ከስንፍና ሳይሆን ከልማድ ነው። በኦኔዚም ቤት ከአያት ጀምሮ የወረደ አንድ ደንብ አለ፤ ኮርኒስ አለቀ የሚባለው ባለቤቱ ሠራተኞቹን ከኮርኒሱ ሥር አስቀምጦ ሲያበላቸው ነው። ያ ማዕድ እስኪበላ ድረስ ሥራው አላለቀም። ጀሶው ደርቆ፣ መወጣጫው ፈርሶ፣ ሰው ገብቶበት ቢሆን እንኳ አላለቀም። ኡላሊ አርባ ዓመት ሙሉ የቀን ሂሳቧን ሁሉ የቆጠረችው ከማዕዱ ነው። ጃርቪስም በዚያው ማዕድ ያደገ ልጅ ነው፤ አቆጣጠራቸውን ጠንቅቆ ያውቀዋል። ምረቃውን ሦስት ጊዜ ያስተላለፈውም እሱ ነበር፤ አንዴ «ቄሱ አይመቻቸውም»፣ አንዴ «ወንበሩ አልደረሰም»፣ አንዴ «ዝናብ ነው» እያለ።

እንግዲህ ኡላሊ ገና አርባ ሦስት ቀን እንዳላት እያሰበች ነበር። ግን ያ ማክሰኞ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተሰክቶ አልወርድ አላት። ሽርጧን ፈታች፣ የምትመዘግብበትን ደብተር በክንዷ ሥር አደረገች።

«የት ነው?» አለ ኦኔዚም።

«ጨው ላመጣ።»

«ጨውማ አለ።»

«ሌላ ዓይነት።»

የወረዳው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ምድር ቤት ነው። ከመስኮቱ ጀርባ የምትቀመጠው ሚስ ቨርኔል ናት፤ መነጽሯ በሰንሰለት አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ፣ የከተማዋን ሰው ቤትና ዕዳ ሁሉ በቃሏ የምታውቅ ሴትዮ።

«ህንፃ ላይ ዕዳ ላስመዘግብ ነው» አለች ኡላሊ።

«የማን ህንፃ?»

«የትምህርት ቤቱ አዳራሽ።»

ሚስ ቨርኔል መነጽሯን አጠለቀች። «እሱማ አይሆንም። የግለሰብ ቤት ቢሆን ቤቱን አንቀሽ ትይዢው ነበር፤ ባለቤቱ ሳይከፍልሽ መሸጥም መለወጥም አይችልም። የሕዝብ ንብረት ግን አይያዝም። ትምህርት ቤት ተሸጦ የማን ዕዳ ይከፈላል?»

«ታዲያ ላባችን መና ይቅር?»

«አትጩሂብኝ፣ አልጨረስኩም። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ የማውቀውን ነው የምነግርሽ። የሕዝብ ሥራ የሚወስድ ተቋራጭ ዋስ እንዲጠራ የተደረገው ለዚህ ነው። ዋሱ ትልቅ ኢንሹራንስ ነው። የትምህርት ቤቶች ቦርዱ ደግሞ ከተቋራጩ የመጨረሻ ክፍያ ቀንሶ የያዘው ገንዘብ አለ። ያልተከፈለው ሰው ህንፃውን ትቶ እነዚህን ነው የሚይዘው። ቃለ መሃላ ይጻፋል፤ አንዱ ለቦርዱ ይሰጣል፣ አንዱ እዚህ መዝገብ ላይ ይገባል።»

«ስንት ቀን አለኝ?»

«ርክክቡ ከተመዘገበ አርባ አምስት ቀን።»

ኡላሊ ትንፋሿ ተመለሰ። «ደህና ነኛ። የበላነው ቅዳሜ ነው።»

«ምኑን ነው የበላችሁት?»

«የኮርኒሱን ማዕድ።»

ሚስ ቨርኔል መነጽሯን አወለቀች። የታመመ ሰው በሚታይበት ዓይን አየቻት። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሯ ዞራ ጥቂት መታች፣ አንድ ወረቀት አተመች፣ በመስኮቱ ሥር አሳለፈችላት።

«ማዕድ እዚህ አይመዘገብም፣ ሚስ ኡላሊ። የሚመዘገበው ይሄ ነው።»

ወረቀቱ ቦርዱ ሥራውን ተረከብኩ ብሎ የፈረመበት ነው። ከላዩ ላይ የመዝገብ ቤቱ ማኅተም አለ፤ ሴፕቴምበር አምስት። ኡላሊ በጣቷ ትቆጥር ጀመር። አንዴ ቆጠረች፣ ደገመች። ጣቷ ሁለቴም አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«አርባ አምስተኛው ቀን ዛሬ ነው» አለች ሚስ ቨርኔል በቀስታ። «አሥር ሰዓት ተኩል ላይ እዘጋለሁ።»

«ዛሬ።»

«ዛሬ። ነገ ጠዋት ሳልከፍት ደግሞ የጃርቪስ ሰው በር ላይ ይቆማል። ባለፈው ሳምንት መጥቶ አስቀድሞ ነግሮኛል፤ በሥራው ላይ ማንም ጥያቄ አላስገባም፣ ንጹሕ ነው የሚል ወረቀት እንዳዘጋጅለት። እሱን ይዞ ቦርዱ ጋ ሲሄድ የተያዘው ገንዘብ ሁሉ ይለቀቅለታል። ከዚያ በኋላ ያለው ክርክር ነው፤ ጠበቃና ዓመታት።»

እዚህ ላይ ነው የማክሰኞው እንቆቅልሽ የተፈታው። ገንዘቡ ሲለቀቅ ኡላሊ ደግሞ ኩሽናዋ ውስጥ የሦስት ሰዓቱን ቼክ ስትጠብቅ ልትገኝ ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን የሚስ ቨርኔልን የቀን መቁጠሪያ ወደ ኋላ ገልጣ አየችው። ሴፕቴምበር አምስት ዓርብ ነበር። ለእነሱ ሃያ ዓርብ የዋሸ ሰው፣ ለራሱ የምትሆነዋን አንዷን ዓርብ አልሳታትም።

ቁጣ ብዙ ዓይነት ነው። የሚጮህ አለ፣ የሚያለቅስ አለ። የኡላሊ ያን ሰዓት ጸጥ አለ። የተዘረፈችው ገንዘብ ብቻ አልነበረም። ማዕዳቸውን ነው የሰረቃቸው። አያት ያወረሰውን ደንብ ወስዶ መቆለፊያ አደረገባቸው።

«ልፈርም» አለች። «አሁኑኑ ጻፊልኝ።»

«እኔ አልጽፍም፤ ማዶ ያለው ጸሐፊ ይጽፈዋል፣ እዚያው ያስምላል። ውሉ በማን ስም ነው?»

«በባሌ።»

«እንግዲያ የሚምለው እሱ ነው» አለች ሚስ ቨርኔል። «ሩጪ።»

ኦኔዚም ከቤቱ ጀርባ ባለው መጋዘኑ ውስጥ የጀሶ ቅርጽ እየፋቀ ነበር፤ የወይን ቅጠል። ፕላሲድ አሮጌ ባልዲ ገልብጦ ተቀምጧል። ኡላሊ ገባችና ወረቀቱን የወይን ቅጠሉ ላይ አኖረችው።

«አንብብ።»

«መነጽሬ...»

«አንብበው ፕላሲድ!»

ፕላሲድ አነበበ። ቀኑን ሲያነብ ድምፁ አነሰ። የሰማችውን ሁሉ ነገረቻቸው። ኦኔዚም ጀሶውን ከጣቱ ላይ ይልጣል፤ ይልጣል፤ የሚላጥ ሳይኖር ይልጣል።

«ቦርዱ ነው ያስመዘገበው» አለ በመጨረሻ። «ልጁ ላያውቅ ይችላል።»

«ላያውቅ? ንጹሕ ነው የሚለውን ወረቀት ባለፈው ሳምንት ያዘዘው ማነው? ቄሱ?»

«ወረቀቱን ተቋራጭ ሁሉ ይጠይቃል። ላሊ፣ እስቲ ስሚኝ። እኔ በመሠዊያው ፊት ቆሜ ስለዚህ ልጅ ቃል ገብቻለሁ። ዋሱ ነኝ። አሁን ደግሞ በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጄን ጭኜ ሌባ ነው ብዬ ልማል?»

«ሌባ ነው ብለህ አትምልም። አልከፈለኝም ብለህ ነው የምትምለው! ከፍሎሃል?»

«አልከፈለም።»

«ታዲያ እውነት መማል ከመቼ ወዲህ ኃጢአት ሆነ? አንተ ለእሱ ዋስ ነህ፤ እሺ። ለፕላሲድስ ዋሱ ማነው? አንገቱ ተሰብሮ ኮርኒስ ሥር የከረመው ይሄ ሽማግሌ ደመወዙን ማንን ይጠይቅ? አህያውን ፈርተህ ዳውላውን ስትደበድብ እድሜህን ጨረስክ! እኔ ላይ ትጮሃለህ፣ እሱ ፊት ታለቅሳለህ!»

ፕላሲድ ጉሮሮውን ጠረገ። «ተሰብሬ አይደለም እኮ፣ ጎብጬ ነው እንጂ...»

«አንተ ዝም በል!»

«እሺ፣ ተሰብሯል።»

ኦኔዚም ስልኩን ከደረት ኪሱ አወጣ። ጣቱ ኖራ ስለሆነ ስልኩ ሁለቴ እምቢ አለው። «ራሴ እጠይቀዋለሁ» አለ። «ዋሽቶኝ አያውቅም። ምዝገባው መች እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። እውነቱን ከነገረኝ አልፈርምም፤ እስከ ነገ እጠብቀዋለሁ፣ ቤቱም ይሸጥ። ከዋሸኝ...» አልጨረሰውም።

ጃርቪስ አንድ እውነት ከተናገረ ቤታቸው ሊሄድ ነው። ግን ኡላሊ ባሏን አርባ አራት ዓመት ታውቀዋለች፤ ከዚህ ወዲያ አይገፋም። ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጎ ደወለ።

«ፓሬን!» አለ የጃርቪስ ድምፅ፤ የክርስትና አባቱን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጠራው እንደዚህ ነው። «እንዴት አደርክልኝ? ወገብህስ?»

«ደህና ነኝ፣ ልጄ። ያ ቼክ ዛሬ ይሆናል?»

«ነገ፣ ፓሬን። ነገ ሦስት ሰዓት። ቃሌ ነው።»

«ዛሬ ሳይመሽ አይሆንም?»

«ባንኩ ነው እኮ። ነገ።»

ኦኔዚም ዓይኑን ጨፈነ። «ጃርቪስ። የአዳራሹ ርክክብ ተመዝግቧል?»

ከወዲያ ማዶ የመኪና ድምፅ፣ የሰው ሳቅ ይሰማል።

«ርክክብ?» አለ ጃርቪስ። «ኧረ ገና ነው ፓሬን! ቅዳሜ እኮ ነው የበላነው። አንተ ራስህ ያስተማርከኝ አይደል፤ ሳይበላ አያልቅም። እንዲያውም ወረቀቱ ለመመዝገብ ወር ይፈጅበታል። ማን ነው እንዲህ የሚያስጨንቅህ? ሚስ ኡላሊ ናት አይደል?» ሳቀ። «ሳምልኝ።»

ኦኔዚም ስልኩን ዘጋው። ወረቀቱን ከወይን ቅጠሉ ላይ አነሳ፤ ያለ መነጽር ራቅ አድርጎ ይዞ ማኅተሙን ራሱ አየው። ፊቱ ላይ የመጣውን ነገር ኡላሊ አይታው አታውቅም። ይህ ሰው ሲናደድ የሚጮህ ነበር፤ አሁን ጩኸቱ እንኳ ጠፋ።

«በእኔው ቃል» አለ። «በእኔው ቃል ነው የዋሸኝ።»

ሸሚዙን ሳይቀይር፣ ጀሶው ጺሙ ላይ እንደደረቀ ወደ መኪናው ሄደ። «ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ ዞር ብሎ። «ሰዓቱ እየሄደ ነው!»

«አየህ» አለች ኡላሊ ለፕላሲድ፣ «እኔን ይቆጣኛል ደግሞ።» ግን ሮጠች።

ጸሐፊው ለመተየብ ብዙ ጊዜ ፈጀ። በሁለት ጣቱ ነበር የሚመታው፤ በየመስመሩ ላይ ቆሞ ይስላል። ኡላሊ ከደብተሯ ቀኑን፣ የሠራተኛውን ስም፣ የጀሶውን ከረጢት ታነብለታለች። ማን ሠራ፣ ለማን ሠራ፣ ስንት ቀረው። ኦኔዚም እጁን አንስቶ ማለ። ሲፈርም ከእጁ ላይ ነጭ ዱቄት ወረቀቱ ላይ ፈሰሰ፤ ጸሐፊው ሊያራግፈው ሲል «ተወው» አለው። «ማስረጃ ነው።»

የቦርዱ ቢሮ የከተማው ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው። ተቀባይዋ ወጣት ሴት «አለቃዬ የሉም፣ ነገ ቢመለሱስ?» አለች።

«ነገ የሚባለውን ቃል ዛሬ ድጋሚ የነገረኝ ሰው» አለች ኡላሊ፣ «እዚሁ ወንበር ላይ ይሞታል። ማኅተምሽን አምጪው፣ የኔ ልጅ። የመጣበትን ሰዓትም ጻፊበት።»

ልጅቷ አተመች።

ከዚያ ወደ ፍርድ ቤቱ። በመንገዱ ላይ የሸንኮራ አገዳ የጫነ ትራክተር ከፊታቸው ገብቶ ይንቀረፈፋል። ወቅቱ የአገዳ ወቅት ነው። ኡላሊ መስኮቱን አውርዳ ግማሽ አካሏን አውጥታ ባለትራክተሩን በእናቱም በአያቱም ስም ለመነችው፤ ሰደበችውም። ፕላሲድ ከኋላ ሆኖ «ሚስ ላሊ፣ እሱን እኔ አውቀዋለሁ፤ ጆሮው አይሰማም» አላት። ኦኔዚም መኪናውን ሳር ላይ አውጥቶ አለፈው።

ሚስ ቨርኔል የመስኮቱን መጋረጃ ግማሽ አውርዳለች። ሲገቡ አየቻቸውና ወደ ላይ መለሰችው። አንድም ቃል አልተናገረችም። ወረቀቱን ተቀብላ ገጹን ቆጠረች፤ ፊርማውን፣ መሃላውን አየች፤ ማኅተሙን መታች። ደፍ! ሰዓቱ አሥር ሰዓት ከአሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ይል ነበር።

«ጀሶ አለበት» አለች።

«እናውቃለን» አለች ኡላሊ።

ማክሰኞ ጠዋት ጃርቪስ መጣ። ልክ ሦስት ሰዓት ላይ አልመጣም፤ ከዚያ በፊት መጣ። መዝገብ ቤቱ የጠየቀውን ወረቀት ከልክሎታል፤ ቦርዱም ገንዘቡን ይዟል። ነጩን መኪናውን አትክልቱ ላይ አቁሞ በሩን እንኳ ሳይዘጋ ወደ በረንዳው ወጣ። እጁ ላይ ቼክ አለ፤ የሃያ ሺህ። ሌላ እጁ ላይ ደግሞ ጥያቄያችንን አንስተናል የሚል ወረቀት።

«ፓሬን፣ ምን ነው ያደረግኸኝ?» አለ። «ገንዘቤን ሁሉ እኮ አሰርከው! ዋሱ ኢንሹራንስ ደውሎ አስፈራራኝ። የምትፈልገው ይሄ አይደል? ይኸው! ፈርምና ውሰድ፤ የቀረውን ዓርብ...»

ኡላሊ ከበሩ ውስጥ ሆና ሳቀች። ደስ የማይል ሳቅ ነበር።

ኦኔዚም ቼኩን ተቀብሎ ራቅ አድርጎ አየው፤ መለሰለት። «ግማሽ ኮርኒስ ሠርቼልህ ነበር?»

«የክርስትና ልጅህ እኮ ነኝ! በሰው ፊት ስሜን ታጠፋለህ?»

«ልጄ ነህ» አለ ኦኔዚም። «አልካድኩህም። ስታጠፋ ዝም ልልህ ግን ለማንም ቃል አልገባሁም። በጥምቀትህ ቀን ቄሱ የጠየቁኝ ሌላ ነበር።» ድምፁ ተሰበረ፤ ቶሎ ጠገነው። «ሙሉውን ስትይዝ ና። የአምስቱንም ሰው።»

«ሚስ ኡላሊ፣ እርስዎ እንኳ...»

«እኔ?» አለች ኡላሊ ወደ ደጃፉ ወጥታ። «እኔ ምን አለብኝ? ሥራ ላይ ነኝ። ዓርብ ና።»

መኪናው የእሷን ጽጌረዳ ጨፍልቆ ሄደ።

ገንዘቡ በዚያ ሳምንት አልመጣም። ኢንሹራንሱ አንድ ሰው ልኮ ደብተሩን ገጽ በገጽ አየ፤ ኮርኒሱን አንጋጦ አየ፤ ፕላሲድን ጠየቀው። ፕላሲድም ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ አንገቱ ነገረው። ኖቬምበር ሃያ፣ ሐሙስ ቀን፣ አርባ አንድ ሺህ ስምንት መቶው ሳይጎድል ደረሰ። ዋሱ ከቦርዱ ጋር ተነጋግሮ ከጃርቪስ ከተያዘው ላይ ነው ያስከፈለው።

እሑድ ኡላሊ ትልቁን ድስት አውጥታ ጋምቦ ሠራች። አምስቱም ሠራተኞች ከነሚስቶቻቸው መጡ፤ ቀሪ ደመወዛቸው በፖስታ ታሽጎ በየሳህናቸው ሥር ተቀመጠ። ኦኔዚም ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰኞዋ ዕለት ወዲህ ሲስቅ ተሰማ። ፕላሲድ ማንኪያውን አንስቶ የኡላሊን የራሷን የኩሽና ኮርኒስ አየ፤ የተሰነጠቀ፣ ከሃያ ዓመት በፊት ኦኔዚም «የሚመጣው ዓርብ እጠግነዋለሁ» ብሎ የተወው።

«እንግዲህ አለቀ» አለ ፕላሲድ። «በልተናል።»

«ሥራው አለቀ» አለች ኡላሊ።

ንዴቴም አለቀ አላለችም። ንዴቷ ከቼኩ ጋር ባንክ አልገባም። በቅዳሴ ጊዜ ሰላም ለመባባል ጃርቪስ እጁን ሲዘረጋ፣ ኦኔዚም እያዘነም ቢሆን ይጨብጠዋል። እሷ ግን እጇን ከመዝሙር መጽሐፉ ላይ አታነሳም። ቄሱ አንድ ቀን ጠርተው «ልጄ፣ ይቅር ማለት አለብሽ» አሏት።

«እላለሁ፣ አባ» አለቻቸው። «መጀመሪያ ግን እንዴት እንደዋሸ በራሱ አፍ ለኦኔዚም ይንገረው። ያን ቀን እኔም ድስት እጥዳለሁ።»

ደግሞ ከዚያ ወዲህ አዲስ ልማድ አላት። ኦኔዚም አዲስ ሥራ ሲጀምር፣ በየሰኞው ባቄላዋን ጥዳ ወደ መዝገብ ቤቱ ትወርዳለች። ሚስ ቨርኔልም ስታያት መነጽሯን ታጠልቃለች፤ ሳትጠየቅ ትናገራለች።

«ገና ነው፣ ሚስ ኡላሊ። ርክክቡ አልተመዘገበም።»

«እመለሳለሁ» ትላታለች ኡላሊ። ትመለሳለችም።